ከዋጋው በፊት የሚነበበው፦ ስለ ፒክአፕ ካታሊቲክ ኮንቨርተር አመራረጥ የተደረገ ምልልስ

ካታሊቲክ ኮንቨርተር በመኪና የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ፣ በሞተሩና ማርሚታ በሚባለው ድምፅ ማፈኛ መካከል የሚገጠም፣ ከሞተሩ የሚወጡትን መርዛማ ጋዞች በኬሚካዊ መንገድ ጉዳታቸው ወደ ቀነሰ ጋዞች የሚለውጥ ዕቃ ነው። የሚከተለው ምልልስ በካሊፎርኒያ በሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ ማለትም በዕድሜ በገፉ አንድ መካኒክና የ2010 ሞዴል፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ፒክአፕ ባለው ወጣት መካከል እንደሚካሄድ ሆኖ የቀረበ ሲሆን፣ መነሻው በመኪናው ዳሽቦርድ ላይ የበራው «ቼክ ኢንጅን» የተባለው መብራትና በኮምፒውተር ሲነበብ የወጣው ፒ0430 የተሰኘ ኮድ ነው።

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ ኮዱ ካታሊቲኩ መሞቱን የሚናገር ከሆነ የሚቀረው ጥያቄ የዋጋ ብቻ ይመስላል። በገበያው ላይ ለዚህ ፒክአፕ ይሆናሉ ተብለው የሚሸጡት ምትኮች በመልክ የማይለያዩ፣ በዋጋ ግን አንዱ የሌላውን ብዙ እጥፍ የሚያወጡ ናቸው። ቧንቧው እስከገጠመ ድረስ ርካሹን መግዛት ምን ይከለክላል?

መካኒኩ፦ ኮዱ የሚናገረው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው። የቪ ቅርፅ ያለው ሞተር ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ ስለሚደረደሩ አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ወገን አንደኛ ረድፍ፣ ተቃራኒው ሁለተኛ ረድፍ ይባላል፤ ፒ0430 ማለትም የሁለተኛው ረድፍ ካታሊቲክ ብቃት ከተወሰነለት ወሰን በታች ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው፤ የአንደኛው ረድፍ ተመሳሳይ ኮድ ፒ0420 ነው። ኮምፒውተሩ ካታሊቲኩን ከፍቶ አያይም። ከካታሊቲኩ በፊትና በኋላ የተተከሉት ሁለት የኦክስጅን ሴንሰሮች የሚልኩትን ምልክት ብቻ ያነጻጽራል፤ የፊተኛው የቤንዚኑና የአየሩ መጠን ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ የሚወዛወዝ ሲሆን፣ ካታሊቲኩ ጤነኛ ከሆነ ትርፍ ኦክስጅኑን እያከማቸና መልሶ እየሰጠ ውዝዋዜውን ስለሚውጠው የኋለኛው ሴንሰር ረጋ ብሎ ይቆያል። የኋለኛው እንደ ፊተኛው መወዛወዝ ሲጀምር ኮምፒውተሩ ይፈርዳል። በቧንቧው መጋጠሚያ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ የውጭ አየር ስባ ብታስገባም የኋለኛውን ሴንሰር ልታሳስተው ስለምትችል፣ ቀዳዳ መኖር አለመኖሩ ሳይመረመር ካታሊቲክ የሚገዛ ሰው በግምት ይገዛል።

ባለመኪናው፦ ቀዳዳ እንደሌለ ተመርምሮ ከተረጋገጠስ?

መካኒኩ፦ ያን ጊዜ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ እሱም ካታሊቲኩን ምን ገደለው የሚለው ነው። ካታሊቲክ እንደ ፍሬን ሸራ በሥራው ብዛት ተፋትጎ የሚያልቅ ዕቃ አይደለም፤ በትርጓሜው ካታሊስት ማለት ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ነገሮች ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር ነውና። ስለዚህ ከጊዜው በፊት ሲሞት ብዙውን ጊዜ ገዳይ አለው። አንድ ሲሊንደር ካንዴላው ወይም ኮይሉ ደክሞ ሳያቀጣጥል ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቧንቧው ይገፋና ካታሊቲኩ ውስጥ ይነድዳል፤ በውስጡ ያለው፣ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳው ሸክላም ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ይቀልጣል። የፒስተን ቀለበቶቹ ያረጁበት ሞተር ዘይት ሲበላ በዘይቱ ውስጥ ያሉት ፎስፎረስና ዚንክ በካታሊቲኩ ውስጥ በተረጩት ውድ ማዕድናት ላይ እንደ ለምድ ይጋገራሉ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ሲሊንደር ሲገባም እንዲሁ ነው። ገዳዩ በሕይወት እያለ አዲስ ካታሊቲክ መግጠም ለዚያው ገዳይ ሌላ ማቅረብ ነው፤ ውዱም ርካሹም ከዚህ አያመልጥም።

ባለመኪናው፦ በዚህ መኪና ግን የታመመው ሁለተኛው ረድፍ ብቻ ነው። ዘይት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ረድፎች አይመርዝም ነበርን?

መካኒኩ፦ ጥሩ አስተውሎት ነው፤ ብዙ የጋራዥ ሠራተኛ ይህን ሳይጠይቅ ያልፋል። አንድ ወገን ብቻ ሲወድቅ ምክንያቱም በዚያው ወገን እንዲፈለግ ያስገድዳል፦ በዚያ ረድፍ ካሉት አራት ሲሊንደሮች አንዱ አልፎ አልፎ ሳያቀጣጥል ይቀር እንደሆነ፣ አንዱ ኢንጀክተር ቤንዚን ያንጠባጥብ እንደሆነ፣ የዚያ ወገን የፊት ሴንሰር ዘግይቶ የሚመልስ እንደሆነ ይታያል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ሲሊንደር ስንት ጊዜ ሳያቀጣጥል እንደቀረ ይቆጥራልና ቁጥሩን ማንበብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሁለቱም ረድፎች በተቀራረበ ጊዜ ቢወድቁ ደግሞ የጋራ ምክንያት፣ ማለትም ዘይት፣ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወይም ዕድሜ ይጠረጠራል።

ባለመኪናው፦ ገዳዩ ተገኝቶ ከተወገደ በኋላስ የዋጋው ልዩነት ከየት ይመጣል? ቅርፊቱ ብረት፣ ውስጡ ሸክላ ከሆነ ይህን ያህል የሚያስወድደው ምንድን ነው?

መካኒኩ፦ የሚያስወድደው በዓይን የማይታየው ነው። በብረቱ ቅርፊት ውስጥ ያለው ኮርዲራይት ከሚባል፣ ግለትን ከሚችል ሸክላ የተሠራ ማር እንጀራ ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ካሬ ላይ በተለምዶ 400 ያህል፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ የሚበዙ ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉት። የቀዳዳዎቹ ግድግዳ በሸካራ የአሉሚና ሽፋን ይለበጣል፤ በሽፋኑ ላይ ሦስት ውድ ማዕድናት፣ ማለትም ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ይረጫሉ። ሮዲየም ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባለውን፣ ከተማን በቡናማ ጉም የሚሸፍነውን ጋዝ ወደ ተራ ናይትሮጅን ሲመልስ፣ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ቤንዚንን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጣሉ። ሦስቱን መርዞች በአንድነት ስለሚይዝ በእንግሊዝኛ ስሙ «ትሪ ዌይ» ይባላል። ከነዚህ ጋር ሴሪያ የሚባል ውህድ ይቀላቀላል፤ ኦክስጅን የሚያከማቸውና የኋለኛውን ሴንሰር የሚያረጋጋው እሱ ነው። እንግዲህ ሁለት ካታሊቲኮች ከውጭ መንታ ቢመስሉ እንኳ አንዱ በማዕድኑና በሴሪያው የጠገበ፣ ሌላው በጥቂቱ የተቀባ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂቱ የተቀባው ሲገጠም መብራቱን ለወራት ያጠፋና፣ ማከማቻው ሲሳሳ ያው ኮድ ተመልሶ ይመጣል።

ባለመኪናው፦ በግራም የሚለካ ማዕድን ይህን ያህል ዋጋ አለው?

መካኒኩ፦ ሮዲየም በ2021 መጀመሪያ ላይ አንዱ አውንስ፣ ይኸውም 31 ግራም ያህሉ፣ ከ25,000 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ሌቦች በሌሊት ከመኪና ሥር እየገቡ ካታሊቲክ የሚቆርጡት ለዚሁ ነው፤ ፒክአፕም ከመሬት ከፍ ስለሚል ያለ ክሪክ ይሰረቃል። የማዕድኑ ነገር ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የትኛው ዕቃ በዚህ መኪና ላይ ሊገጠም እንደሚገባ የሚወስነው ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ባለመኪናው፦ ኮፈኑ ሥር ያለው ወረቀት ስለ ሞተሩ የሚናገር እንጂ ስለ ካታሊቲክ የሚናገር መሆኑ ተሰምቶ አያውቅም።

መካኒኩ፦ ብዙዎች የማያነቡት ለዚህ ነው። ወረቀቱ የልቀት መረጃ መለያ ይባላል፤ ልቀት ማለት ከመኪናው የሚወጣው ጋዝ ነው። በላዩ ላይ ከፊደልና ከቁጥር የተቀላቀለ፣ «ቴስት ግሩፕ» ወይም የሞተር ቤተሰብ የሚባል መለያ አለ፤ መኪናው የተፈተነበትንና የተፈቀደበትን የልቀት ደረጃ የሚያመለክተው ይህ ነው። ሁለት ፒክአፖች በስም፣ በዓመትና በሞተር መጠን አንድ ሆነው፣ አንዱ ለካሊፎርኒያ ደረጃ፣ ሌላው ለፌዴራሉ ደረጃ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ለአንዱ የተፈቀደው ምትክ ለሌላው አይፈቀድም። በምህፃሩ ካርብ የሚባለው የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ እያንዳንዱን ምትክ ፈትሾ የፈቃድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በተለምዶ ኢ.ኦ. ቁጥር የሚባለው ነው፤ ብዙውን ጊዜ «ዲ» በሚል ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ ዕቃው የተሠራበትን ጊዜና የጭሱን አቅጣጫ ከሚያሳይ ቀስት ጋር በቅርፊቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። መገዛት ያለበት የቴስት ግሩፑ ፊደላት በዚያ ፈቃድ ዝርዝር ውስጥ ያሉበት ዕቃ ነው፤ «ለዚህ መኪና ይሆናል» የሚለው የሻጭ ቃል ዝርዝሩን አይተካም።

ባለመኪናው፦ በሌሎች ግዛቶች ይህ ሁሉ ሳይጠየቅ ካታሊቲክ ይሸጣል። ከጎረቤት ግዛት አስመጥቶ ማስገጠም አይቻልም?

መካኒኩ፦ ዕቃው ሊመጣ ይችላል፤ እዚህ ሲገጠም ግን ሕግ ይጣሳል፤ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የልቀት ምርመራም ጊዜ መርማሪው ከሥር ገብቶ ቁጥሩን ይፈልጋል። ሕጉም ለዋጋ ማስወደጃ የወጣ አይደለም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1986 ያወጣው መመሪያ አንድ ምትክ 25,000 ማይል ከሄደ በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ያልተቃጠለ ቤንዚንን ቢያንስ በ70 በመቶ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ደግሞ በ30 በመቶ እንዲቀንስ ብቻ ይጠይቃል፤ ይህ ወሰን የተጻፈው የዛሬዎቹ መኪናዎች ከመሠራታቸው በፊት ነው። ፋብሪካው የሚገጥመው ካታሊቲክ ሞቆ በሚሠራበት ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ያጠራል። ከእያንዳንዱ መቶ ክፍል ናይትሮጅን ኦክሳይድ 70ው እንዲያመልጥ በሚፈቅድ ዕቃና ጥቂቱ ብቻ በሚያመልጥበት ዕቃ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው፤ ሎስ አንጀለስን በመሰለ፣ በተራራ ተከብቦ ጉም በሚጠራቀምበት ከተማ ደግሞ ልዩነቱን የሚተነፍሱት ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ናቸው። ካሊፎርኒያ ከ2009 ጀምሮ የምትፈልገው ምትኩ መኪናው ራሱ የተፈቀደበትን ደረጃ እንዲያሟላ፣ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር እንዲስማማና ለ5 ዓመት ወይም ለ50,000 ማይል ዋስትና እንዲኖረው ነው። ኒው ዮርክ፣ ሜይንና ኮሎራዶም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል።

ባለመኪናው፦ አገር ቤት ግን ካታሊቲኩ ወጥቶ በባዶ ቧንቧ የሚነዳ መኪና ይታያል፤ ሞተሩም አይቆምም። ቧንቧውን ባዶ ማድረግ፣ ወይም የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ የሚያርቅ ማያያዣ ገጥሞ መብራቱን ማጥፋት ርካሽ መፍትሔ አይሆንም?

መካኒኩ፦ ይህ ልማድ በአንድ ወቅት ምክንያት ነበረው። በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ የማዕድኑን ገጽ ስለሚሸፍነው ካታሊቲክ በእርሳስ ቤንዚን ላይ ዕድሜ የለውም፤ በአሜሪካም ከ1975 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ መኪናዎች ካታሊቲክ ሲገጠምላቸው እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በየማደያው የተዘጋጀው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ሐሳቡን በ1950ዎቹ ቢያቀርበውም ቤንዚኑ እስኪጸዳ መጠበቅ ግድ ሆኗል። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ከእርሳስ ቤንዚን የወጡት በ2006 መግቢያ ነው። ከዚያ በፊት ካታሊቲክ ያለው መኪና እዚያ ሲደርስ ማዕድኑ ተመርዞ፣ ቀዳዳዎቹም ተደፍነው ኃይል ሊያሳጣው ይችል ስለነበር ማስወጣቱ ሊገባ ይችላል። ዛሬ ያ ምክንያት የለም፤ የቀረው ልማዱ ብቻ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ካታሊቲክን ማስወጣትም ሆነ ሴንሰሩን ማታለል በፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። ማያያዣው መብራቱን ያጠፋል እንጂ ጭሱን አያጠራም፤ ከኋላ በሌላ መኪና የተቀመጠው ቤተሰብ ያንኑ ጭስ ይተነፍሳል።

ባለመኪናው፦ ይህ ይቅር እንበል። ከመኪና መቃብር የሚገኝ ያገለገለ የፋብሪካ ካታሊቲክስ? ማዕድኑ የጠገበ መሆኑ እኮ ተነግሯል።

መካኒኩ፦ በካሊፎርኒያ ያገለገለ ካታሊቲክ ለምትክነት መሸጥም መግጠምም ክልክል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያ ዕቃ ከነበረበት መኪና ምን እንደበላ፣ ዘይት ይሁን ቤንዚን፣ ከውጭ ማንም አያውቅም፤ በዚያ ላይ ከሌላ ሰው መኪና በሌሊት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል።

ባለመኪናው፦ እንግዲያው ምርጫው በፋብሪካው ዕቃና ካርብ በፈቀደው ምትክ መካከል ነው ማለት ነው። በነዚህ በሁለቱስ እንዴት ይፈረዳል?

መካኒኩ፦ በመጀመሪያ የመኪናው ዕድሜ ይታያል። በፌዴራሉ ሕግ ካታሊቲክ ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ፣ በአምራቹ ዋስትና ሥር ነው፤ በዋስትና ውስጥ ያለ መኪና ባለቤት ሻጩ በነፃ መለወጥ ሲኖርበት ከኪሱ ከፍሎ ሲገዛ ማየት ያሳዝናል። ይህ የ2010 ፒክአፕ ግን ያንን ጊዜ አልፏል። ከዚህ በኋላ መኪናው ገና ብዙ ዓመት የሚነዳ ከሆነና ለቴስት ግሩፑ የተፈቀደ ምትክ ካልተገኘ የፋብሪካው ዕቃ ግድ ይሆናል፤ ልቀታቸው እጅግ ዝቅተኛ እንዲሆን ለተሠሩ ሞዴሎች ይህ አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የተፈቀደ ምትክ ካለ ግን የ50,000 ማይል ዋስትናው የሚናቅ ስላልሆነ፣ ገዳዩ ተገኝቶ እስከተወገደ ድረስ እሱን መምረጥ የሚያሳፍር አይደለም። የሚያሳፍረው ፈቃድ የሌለውን ገዝቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ መግዛት ነው።

ባለመኪናው፦ ምትኩስ ራሱ በብየዳ የሚገባው ይሻላል ወይስ በብሎን የሚታሰረው?

መካኒኩ፦ በብየዳ የሚገባው ለብዙ መኪና እንዲሆን ታስቦ የተሠራ፣ ሁለት አጭር ቧንቧ ያለው ሳጥን ሲሆን፣ በብሎን የሚታሰረው ለአንድ መኪና በልኩ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ከድካም ያለፈ ነው። ካታሊቲክ ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በመሆኑ፣ ከሞተሩ ያለው ርቀት በጥንቃቄ ተለክቶ የተመረጠ ነው፤ በብየዳ ሲገባ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ቢሸሽ በጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ዘግይቶ ይነቃል፤ አብዛኛው መርዝ የሚወጣውም በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። የፌዴራሉ መመሪያም ምትኩ በፊተኛው ቦታ፣ በፊተኛው ዓይነትና በፊተኛው ብዛት እንዲገጠም ያዛል፤ አንድ ረድፍ ሁለት ካታሊቲክ ከነበረው በአንድ ትልቅ መተካት አይቻልም። ስለዚህ ለዚህ መኪና በብሎን የሚታሰረው ተመራጭ ነው።

ባለመኪናው፦ የአንደኛው ረድፍ ካታሊቲክም በዕድሜ እኩያው ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መለወጥ የጉልበት ዋጋ አይቆጥብም?

መካኒኩ፦ ለፍሬን ሸራ ቢሆን ትክክል ነበር። ካታሊቲክን ያለ ምክንያት መለወጥ ግን መመሪያው ይከለክላል፤ መውደቁ በኮድ ወይም በምርመራ ተረጋግጦ በደረሰኙ ላይ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። የአንደኛው ረድፍ ፈተናውን እያለፈ ስለሆነ በቦታው ይቆያል። በዚህ ገንዘብ ይልቅ የሁለተኛው ረድፍ ካንዴላዎችና የተጠረጠረው ኮይል፣ ካስፈለገም የኋለኛው ሴንሰር ይለወጥ።

ባለመኪናው፦ ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ወደ ምርመራ መሄድ ይቻላል?

መካኒኩ፦ አይቻልም። ኮዱ ሲሰረዝ ኮምፒውተሩ የራሱን ፈተናዎች ሁሉ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ከ2000 ሞዴል ወዲህ ባለ የቤንዚን መኪና የቤንዚን ትነት ፈተናው ብቻ ሳያልቅ ቢቀር ይታለፋል፣ የካታሊቲኩ ፈተና ግን ያለቀ መሆን አለበት። ስለዚህ መኪናው በከተማም በፈጣን መንገድም ለጥቂት ቀናት ይነዳ፤ ባትሪውም አይነቀል። በሚገጠምበት ጊዜ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባበት፤ ሲሊኮን ያለበት ማሸጊያ በመጋጠሚያው ላይ አይቀባ፤ የሲሊኮኑ ትነት ሴንሰሩንም ማዕድኑንም ይመርዛልና። ቀስቱ ወደ ኋላ እንዲያመለክት ይታይ።

ባለመኪናው፦ የወጣው አሮጌውስ? ሌባው የሚፈልገው ማዕድን በውስጡ ካለ ወደ ቤት መውሰዱ አይሻልም?

መካኒኩ፦ በፌዴራሉ መመሪያ ጋራዡ አሮጌውን ቢያንስ ለ15 ቀን፣ ደረሰኙን ቢያንስ ለ6 ወር የማቆየት ግዴታ አለበት፤ የመለወጡን ምክንያት ለማጣራት የሚመጣ ባለሥልጣን እንዲያየው ነው። ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ተቆርጦ ሸክላው ይፈጫል፤ ማዕድኑም ተለይቶ ወደ ሌላ ካታሊቲክ ይገባል። አሁን ግን ኮፈኑ ይከፈትና፣ በወረቀቱ ላይ ያሉት የቴስት ግሩፑ ፊደላት አንድ በአንድ ይነበቡ።